የሚያፈስ የሎደር ጃክ፦ ራስ መፍታት፣ ጋራዥ መውሰድ ወይስ ሙሉውን መቀየር?

ሎደር የተገጠመለት ትራክተር ያለው ሰው ጠዋት ከሞተሩ በፊት የሚያየው መሬቱን ነው። ከጃኩ ሥር የምጣድ ያህል የሰፋ የዘይት ጥቁረት ካደረ የዚያን ቀን ሐሳብ ሁሉ ይይዛል። እኔ አዳማ አቅራቢያ ከብት በማድለብ ሥራ ላይ ነኝ። ፍግ የምንጠርገው፣ መኖ የምንጭነው፣ አፈር የምንደለድለው በአንድ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተርና በፊቱ ባለው ሎደር፣ ማለት ባኬት በያዘው ማንሻ ክንድ ነው። ሎደሩ በዘይት ግፊት የሚሠራ አራት ጃክ አለው፤ ሁለቱ ክንዱን ያነሳሉ፣ ሁለቱ ባኬቱን ይደፋሉ። ባለፉት ዓመታት አራቱም በየተራቸው አፍስሰዋል።

ጃክ ሲያፈስ ያለው ምርጫ አራት ነው። ዘይት እየጨመሩ መሥራት፣ ዘይቱን የሚያግደውን ማሸጊያ፣ ማለት ጎሚኒውን፣ ራስ መቀየር፣ ጃኩን ፈትቶ ለባለሙያ መስጠት፣ ወይም ጃኩን በሙሉ መለወጥ። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በኪሱ ወይም በድፍረቱ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት የሚወስነው ዘንጉ፣ ማለት ከጃኩ እየወጣ የሚገባው ብረት፣ መሆኑን ነው። ጎሚኒ ርካሽ ነው፤ ጎሚኒውን የሚበላው ዘንግ ካልተመረመረ ግን ሦስተኛውም አራተኛውም ጎሚኒ ገንዘብን ወደ መሬት ማፍሰስ ነው። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ንጽጽር ሁሉ ወደ ዘንጉ ይመለሳል።

መጀመሪያ፣ ከየት ነው የሚፈሰው?

ጃኩን ከላይ እስከ ታች በጨርቅና በናፍጣ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሥሩበትና ተመልከቱ። ዘይቱ ዘንጉ ከሚወጣበት አፍ ዙሪያ ከመጣ የዘንጉ ጎሚኒ አልቋል ወይም ዘንጉ ተጎድቷል። በክዳኑና በቀፎው (ዘንጉ በሚገባበት የጃኩ አካል) መጋጠሚያ ላይ ከመጣ ብዙ ጊዜ የአንድ ኦሪንግ ጉዳይ ነው። ዘይት ከሚያመላልሰው ጎማ (ቱቦ) መግጠሚያ ከሆነ ጃኩን መንካት አያስፈልግም፤ ማጥበቅ ወይም መግጠሚያውን መቀየር ይበቃል። ከብየዳው መስመር የሚያላብ ከሆነ ግን ቀፎው ተሰንጥቋል፤ ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ፍሳሹን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። የሎደር ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ባር ባለው ግፊት ነው የሚሠራው፤ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ ሲወጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ሲታይ ቀላል ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ጣት ወይም እጅ ያሳጣል። እንዲህ የሆነበት ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ «የሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል» ብሎ በግልጽ ይናገር። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው፤ ካርቶኑን አስጠጉ፣ ዘይቱ ምልክት ይጥልበታል።

ሌላው አሳሳች ምልክት የተነሳው ክንድ ቀስ እያለ ራሱን ዝቅ ማድረጉ ነው። ወዲያው «የፒስተኑ ጎሚኒ አልቋል» ይባላል፤ ፒስተኑ በቀፎው ውስጥ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ነው። እስቲ አስቡት፦ ዘንጉ ወደ ቀፎው ሲገባ ቦታ ይይዛል፣ ቦታ ከያዘ ደግሞ ዘይት መውጣት አለበት። ዘይቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ በሁለቱም በኩል አጥብቆ ከያዘ የፒስተኑ ጎሚኒ ቢያልቅም ዘይቱ የሚወጣበት መንገድ የለም፤ ክንዱም ብዙ አይወርድም። ስለዚህ ክንዱ እየወረደ ሳለ በውጭ የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ ጥርጣሬዬ መጀመሪያ ወደ ቫልቩ ነው። ጎሚኒ ለውጦ «አሁንም ይወርዳል» ብሎ የሚያዝን ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው።

ለማረጋገጥ ክንዱን መሬት ላይ አሳርፉ፣ የሁለቱንም ማንሻ ጃኮች የዘንግ ፒን አውጡ፣ ዘንጎቹን በእንጨት ላይ አስደግፋችሁ እስከ መጨረሻው አስወጧቸው። ሞተሩን አጥፉ፣ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ግፊቱን አብርዱ። ከዚያ የምትጠረጥሩትን ጃክ በዘንጉ በኩል ያለውን ጎማ ፈትታችሁ ጎማውን በቡሽ ድፈኑት። ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነስታችሁ ወደ ማንሳት ለአፍታ ስጡት። ከተከፈተው ቀዳዳ ዘይት ያለማቋረጥ ከወጣ የፒስተኑ ጎሚኒ ነው፤ ካልወጣ ጃኩን ተዉትና ወደ ቫልቩ ሂዱ። ሁለቱንም ፒን ማውጣት ያለባችሁ አንዱ ብቻ ከተፈታ ሌላው ክንዱን በአንድ ወገን አንስቶ ስለሚያጣምመው ነው።

ዘይት እየጨመሩ መሥራት

ይህ ምርጫ ነውር የለበትም። ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት እርጥበት መኖሩ ጤና ነው፤ ጎሚኒውን ያለሰልሳል። በቀን ጥቂት ጠብታ የሚጥል ጃክ፣ በተለይ ሥራው በሚጣደፍበት ወቅት፣ እስኪያልፍ ሊጠብቅ ይችላል።

ጠብታው በሰከንድ አንድ ሲደርስ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ያህል ነው ብትሉ በስምንት ሰዓት ሥራ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይጠጋል። በብዙ ትራክተሮች ላይ ደግሞ የሎደሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው፤ በጃኩ የሚፈሰው ከማርሾቹ ላይ እየተቀነሰ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው የሚገባው ነው። ዘይት የነካው ዘንግ አቧራ ይይዛል፣ ጠራጊው ጎሚኒ ካለቀ ያ አቧራ ዘንጉ በተመለሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ፓምፑና ወደ ቫልቩ ይሄዳል። በበጋ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ይገባዋል። በዚህ ስሌት ትንሽ ጎሚኒ ለመቆጠብ ፓምፕ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

እኔ ደግሞ በአንድ ነገር አልደራደርም። ባኬቱ መኖ የሚጭን ከሆነ የሚያፈስ ጃክ ከላዩ እንዲቆም አልፈቅድም። ከብቱ የሚበላው ላይ ዘይት መንጠባጠብ የለበትም።

ራስ ለመፍታት ወይስ ለባለሙያ? ዘንጉን ጠይቁት

ይህን ውሳኔ ጃኩ ሳይፈታ በፊት መወሰን ይቻላል። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስወጡትና በደንብ አጽዱት። ጥፍራችሁን በዘንጉ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ዙሪያውን አንሸራቱ። ጥፍር የማይይዘው ጭረት የምታዩት ጭረት ብቻ ነው፤ ጥፍር የሚይዘው ግን ጎሚኒ ይቆርጣል። በርዝመቱ የሄደ ጭረት ዙሪያውን ከሄደው ይከፋል፤ ለዘይቱ ቀጥ ያለ ቦይ ይከፍትለታልና።

ዘንጉን የሚያብረቀርቀው ክሮም ብዙ ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ውፍረቱ። ስለዚህ «ትንሽ ላለስልሰው» ብሎ በሊማ መሞረድ ክሮሙን ጨርሶ ማንሳት ነው። ድንጋይ መትቶት ጠርዙ ብቻ የተነሳ ጉብታ ከሆነ በደቃቅ የዘይት ድንጋይ ጉብታውን ብቻ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ቁጥር 600ና ከዚያ በላይ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ በዘይት አርሳችሁ፣ ዙሪያውን እንጂ በርዝመቱ ሳይሆን አለስልሱት። ክሮሙ ከተላጠ፣ ዝገት ከሥሩ ከፈነዳ፣ ወይም ጥፍር የሚይዝ ረጅም ጭረት ካለ፣ ይህ ከቤት ሥራ በላይ ነው። ዘንጉ በድጋሚ ክሮም ተቀብቶ ይስተካከላል፣ ወይም በአዲስ ይተካል።

ቀጥሎ ጥምመት። የተጣመመ ዘንግ ከውጭ ደህና ይመስላል። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት አጠገቡ አስቀምጡና በመካከሉ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ፤ ጃኩ ከተፈታ ደግሞ ዘንጉን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት። የባኬት ጃኮች ዘንግ በብዛት የሚታጠፈው ባኬቱን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ ወደ ኋላ መሬት እየፋቁ ሲሄዱ ነው። በዚያ ሰዓት ዘንጉ ረጅም ሆኖ ወጥቷል፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ ርዝመቱ ይገፋዋል። ለሹፌሮቻችን አጥብቄ የምነግራቸው አንዱ ይህ ነው፤ ወደ ኋላ መደልደል ካስፈለገ ባኬቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሁን።

አንድ ጊዜ አንድ ጋራዥ የባኬቱን ጃክ ጎሚኒ ቀይሮልኝ በሳምንቱ ፈሰሰ። መልሼ ወሰድኩት፣ እንደገና ቀየሩት፣ እንደገና ፈሰሰ። ሦስተኛ ጊዜ እኔው ፈታሁት። የወጣው ጎሚኒ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ነበር። ዘንጉን ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው ጥምመቱ መሐሉ ላይ ለዓይን ይታይ ነበር፣ ማንም ግን አልተመለከተውም። ዘንጉ ሲቀየር ጃኩ ዳነ። ከዚያ ወዲህ አሮጌውን ጎሚኒ ሳልመረምር አልጥልም። በአንድ ወገን ብቻ ካለቀ ዘንጉ ታጥፏል ወይም ዘንጉን መሐል ላይ የሚይዘው መሪ ቀለበት አልቋል። ከደረቀና ከተሰነጠቀ ዕድሜው ወይም ሙቀቱ ነው። ከንፈሩ ከተቆረጠ ጭረት ፈልጉ። አብጦ ከለሰለሰ ዘይቱ ወይም የጎሚኒው ዓይነት አልተስማማም።

ዘንጉ ቀጥ ያለና ለስላሳ ከሆነ ሥራው የእናንተ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን መድቡለት። ሁለት ነገር ግን መንገዳችሁን ሊዘጋ ይችላል።

አንዱ የአንገቱ ክዳን አዘጋግ ነው። በጥርስ የሚፈታ፣ ሁለት ወይም አራት ቀዳዳ ያለው ክዳን ከሆነ ለቀዳዳዎቹ የሚገጥም መፍቻ ከብረት ማሠራት ይቻላል፤ በመዶሻና በፌሮ እየመቱ ማዞር ክዳኑንም ጥርሱንም ያበላሻል። በብረት ቀለበት የተቆለፈ ከሆነ ክዳኑ በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ ይደረጋል፣ ቀለበቱ ይላላል፣ ከዚያ በቀጭን ካቻቪቴ ይወጣል። በሽቦ የተቆለፈ ደግሞ አለ፤ ክዳኑ ሲዞር የሽቦው ጫፍ ከቀዳዳው ብቅ ይልና እየተሳበ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ክዳኑን ሲመታ ይውላል።

ሁለተኛው ፒስተኑን በዘንጉ ላይ የያዘው ዳዶ ነው። በጣም የጠበቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም በማጣበቂያ ታስሯል። የዘንጉን ዓይን በሞርሳ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ለስላሳውን አካል ግን በፍጹም በሞርሳ ወይም በቧንቧ መፍቻ አትንኩት። ረጅም መፍቻ ካልበቃው ፒስተኑ ከቀፎው ወጥቶ ዘይቱ ከተጠረገ በኋላ ዳዶውን ማሞቅ ያላላዋል። ይህን ለመያዝ የሚበቃ ሞርሳ ከሌላችሁ ዘንጉን ብቻ ለቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ዳዶውን አስፈትታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። እኔ ይህን ግማሽ መንገድ ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ፤ በጣም ይጠቅማል።

ሕይወት የሚያጠፉ ሦስት ነገሮች አሉ። ፒስተኑን ከቀፎው ለማውጣት የኮምፕሬሰር አየር አትጠቀሙ። ዘይት አይታመቅም ማለት ይቻላል፣ አየር ግን ይታመቃል፤ ፒስተኑ ሲለቅ ዘንጉ እንደ ጥይት ይወረወራል። ወይ ክዳኑ ሳይፈታ በፊት በትራክተሩ በራሱ ዘይት እስከ መጨረሻው አስወጡት፣ ወይ ከተፈታ በኋላ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ክዳኑ እየመታችሁ ሳቡት። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ቀዳዳ የተዘጋ ጃክ ላይ እሳትም ብየዳም አታቅርቡ። ሦስተኛ፣ ክንዱ ወይ መሬት ላይ ይሁን ወይ በብረት መደገፊያ ላይ፤ በጃክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሥሩ ሰው አይግባ። 50 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው አንድ ጃክ በ150 ባር ወደ ሦስት ቶን ይገፋል።

የትኛውን ጎሚኒ?

የትራክተሩና የሎደሩ ሞዴል በትክክል የሚታወቅ ከሆነ ሙሉ ኪት መግዛት ይሻላል፤ ዘንግ ጎሚኒ፣ አቧራ ጠራጊ፣ ኦሪንግ፣ የፒስተን ጎሚኒና መሪ ቀለበት አብረው ይመጣሉ። ግን ሎደሮቻችን ከትራክተሩ ጋር ያልመጡ፣ በኋላ የተገጠሙ ብዙ ናቸው። በትራክተሩ ስም ኪት ጠይቆ የማይገጥም ይዞ መመለስ የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ጃኩን መጀመሪያ ፍቱ፣ ከዚያ በካሊፐር ለኩ። የዘንጉን ውፍረት፣ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ የውስጥና የውጭ ስፋት፣ የቦዩን ከፍታ፣ የቀፎውን የውስጥ ስፋት። አሮጌው ጎሚኒ አብጦ ወይም አልቆ ስለሚሆን የምትለኩት ቦዩን ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ወደ አዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሱማሌ ተራ የሄደ ሰው «እንዲህ የመሰለ ስጡኝ» ከሚል ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይስተናገዳል። መጠኑ ከጠፋ ከድፍን ፖሊዩሬቴን በቶርኖ ተቆርጦ የሚሠራ ጎሚኒም አለ፤ በደንብ ከተሠራ አስተማማኝ ነው።

የፍሬን ጎሚኒ ግን «መጠኑ ገጠመ» ተብሎ አይገባም። የመኪና ፍሬን ጎማ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው፤ በሃይድሮሊክ ዘይት ውስጥ ሲገባ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በጥቂት ጊዜም ይቀደዳል። እንዲሁም ከንፈር ባለው ጎሚኒ ቦታ ተራ ኦሪንግ መክተት ለሁለት ቀን ብቻ ነው።

አንዱ ጃክ ካፈሰ ጓደኛውም ይፈታ? ሁለት ኪት እገዛለሁ፣ የሚያፈሰውን ብቻ እፈታለሁ። የወጣው ጎሚኒ ደርቆ ከተሰባበረ ግን ሌላውም ዕድሜው ያው ነውና ያንኑ ቀን እጨርሰዋለሁ።

ለባለሙያ ሲሰጥ

ዘንጉ ክሮም ከፈለገ፣ ከታጠፈ፣ ቀፎው ውስጡ ከዛገ ወይም ከተፋቀ፣ ብየዳው ከተሰነጠቀ፣ ባለሙያ ጋ ይሂድ። ያኔም ቢሆን ጃኩን ራሳችሁ ፈትታችሁ ውሰዱ፤ ትራክተር ማጓጓዝ ወይም ባለሙያ ማስመጣት ከጎሚኒው ይበልጥ ያስወጣል። ጎማዎቹን በንጹሕ ቡሽ ድፈኑ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አድርጉ። በአርሲ በኩል፣ አሰላና አካባቢው፣ ትራክተር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስለተስፋፋ ልምድ ያላቸው እጆች ማግኘት አይከብድም።

ሦስት ነገር ጠይቁ። ዘንጉ ቀጥ ማለቱን ፊት ለፊቴ ታሳዩኛላችሁ? አሮጌውን ጎሚኒ ትመልሱልኛላችሁ? ከገጠማችሁ በኋላ በግፊት ትፈትኑታላችሁ? ሦስቱንም እሺ ካላለ ሌላ ቤት እሄዳለሁ።

ሙሉ ጃክ መቀየር

ዘንጉም ቀፎውም አብረው ከተበላሹ መጠገኑ የአዲሱን ዋጋ ይጠጋል፤ ያኔ ሙሉውን መቀየር ይሻላል። የሚያሳስተው «ይመሳሰላል» ነው። ተዘግቶ ሳለ ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል ያለውን ርዝመት፣ የዘንጉን የመውጫ ርዝመት፣ የቀፎውን የውስጥ ስፋት፣ የፒኑን ውፍረትና የዘይት መግቢያውን ጥርስ ለኩ። በተለይ ስፋቱ። 50 ሚሊ ሜትር በነበረበት 63 ብትገጥሙ የሚገፋበት ስፋት አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ከጥንዱ አንዱ ብቻ እንዲህ ከሆነ ክንዱን ያጣምመዋል። ያገለገለ ጃክ ስትገዙ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አስወጥታችሁ ጥፍራችሁን አሂዱበት። ተዘግቶ የሚሸጥ ጃክ አልገዛም።

ራሳችሁ ስትገጥሙ

ንጽሕና ከሁሉ በላይ ነው። ነፋስ በሌለበት፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሥሩ። ጎሚኒውን በሙቅ ውሃ አለስልሳችሁ አድርቁት፣ በዘይት ቀቡት፣ በእጅ አጥፋችሁ ወደ ቦዩ አስገቡት፤ በካቻቪቴ የተገፋ ጎሚኒ ተቧጭሮ ይገባል። የከንፈሩ አፍ ሁልጊዜ ወደ ግፊቱ፣ ማለት ወደ ዘይቱ ይሁን። በተቃራኒ የገባ ጎሚኒ አዲስ ሆኖ ያፈስሳል። የአቧራ ጠራጊው ከንፈር ግን ወደ ውጭ ነው። ክዳኑን በዘንጉ ላይ ስታሾልኩ የዘንጉን ጥርስ በፕላስተር ሸፍኑት፣ አለዚያ አዲሱን ጎሚኒ ይቆርጠዋል። የፒስተኑን ዳዶ በአዲስ ቀይሩ፣ በማጣበቂያ አጥብቁ።

ጃኩን ከመለሳችሁ በኋላ ያለ ጭነት፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሙሉ በሙሉ እያስወጣችሁና እየመለሳችሁ አየሩን አስወጡ፤ ሲንቀጠቀጥ አየር አለ። ሎደሩ መሬት ላይ ሳለ ዘይቱን ለኩና ጨምሩ። በመጀመሪያው ቀን ማታ አንድ ጊዜ፣ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ዘንጉን ጥረጉና ተመልከቱ።

የእኔን አራት ጃኮች የቦይ መጠን በሎደሩ የዕቃ ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ፤ ከእያንዳንዳቸው የወጣው አሮጌ ጎሚኒም በስሙ በፌስታል ታስሮ እዚያው ተቀምጧል።